የገጽ መቶ ዐሥራ ሁለት ጉድ

እሑድ፣ የካቲት 5፣ 1871

ዛሬ በዌንሎው ደወል አልተደወለም። ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ደብር በቄስነት ሳገለግል እንዲህ ያለ ድፍረት አይቼ አላውቅም። ለጠዋቱ ጸሎት ሩብ ሰዓት ሲቀረው ለብሼ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ጭጭ። ወደ ደወሉ ቤት ብገባ ስድስቱም ደዋዮች ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው እንደ ቀብር አስተዛዛኝ ተደርድረዋል። ገመዶቹ ተጠቅልለው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል።

«ምን ሆናችኋል? ገመዱ ታመመ?» አልኩ።

የደዋዮቹ አለቃ የጋሪ እግር ሠሪው አሞስ ብሬይ ነው። ሰባ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ግትርነቱ ግን ገና ጎረምሳ ነው። «ገመዱስ ደህና ነው፣ አባታችን» አለኝ። «የረከሰው እጃችን ነው። የጽዋ ሌባ ዘር የደወለው ደወል ጸሎት ያሳርግ እንደሆነ መጽሐፍዎን እየጠየቅን ነው።»

መጽሐፌን! ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ዓይኔን ያፈሰስኩበትን የዌንሎውን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ! ከወጣ ገና ሦስት ሳምንቱ። በገጽ 112 አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ ንጉሡና ፓርላማው በተዋጉበት በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን፣ በየካቲት 1643፣ የቁርባኑ የብር ጽዋ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት በሚጠብቀው በዕቃ ቤቱ ሹም በቶማስ ብሬይ እጅ ለፓርላማው ወታደሮች ተላልፎ ተሰጠ ትላለች። በቃ፣ ይኸው ናት። ሌባ አላልኩም፣ ይሁዳም አላልኩም። ሰነዱ ያለውን ጻፍኩ። ሁለት መቶ ዓመት ባለፈው አያት ቅድመ አያት ዛሬ የሚያኮርፍ ካለ ከታሪክ ጋር ይጣላ እንጂ ከኔ ጋር ምን አለው?

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ንቀውኛል ማለት ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 8

ሥጋ ቤቱ በር ላይ ሁለት ሴቶች ቆመው ያወራሉ። አላዩኝም።

«ብሬይ ለፋሲካ የዕቃ ቤት ሹም ይሆናል ሲባል አልነበር?»

«ምኑን ይሾማል! ቅቤ ለድመት አደራ?»

ተንከተከቱ። ዞር ሲሉ ሲያዩኝ እጅ ነሱኝ። እውነት ነው፣ የዘንድሮው ሹመት የእሱ ነው ተብሎ ነበር። ከሁለቱ ሹሞች ዕቃ ቤቱን የሚይዘውን በየፋሲካው ማግስት ሰበካው ተሰብስቦ ይመርጣል፤ ሽማግሌው ይህችን ቀን ዕድሜ ልኩን ሲጠብቅ መኖሩን ሁሉም ያውቃል። እኔም ባለፈው ዓመት ራሴን ነቅንቄ እሺ ብዬ ነበር። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ሰው ምላሱን እንዲቆርጥ አዋጅ ላውጣ?

ዓርብ፣ የካቲት 10

በሚስተር ስታንዊክ ቤት እራት ተጋበዝኩ። የበግ ጭን፣ ጥሩ ወይን። ይህ ሰው ባይኖር ኖሮ መጽሐፌ እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ነበር። የዌንሎው መሬት ግማሹ የእሱ ነው፤ የመቅደሱን ጣራ አስጠገነ፣ መጽሐፉንም አሳተመልኝ፣ ሁለተኛውንም ቅጽ እንደሚያሳትም ቃል ገብቷል።

«ያ የብሬይ ጽዋ በሳቅ ገደለኝ፣ ጊልበርት» አለ። «ሰረገላ ነጂዬ ነገረኝ። ሽማግሌው ‹ሦስቱ ርግቦች› ቢራ ቤት በገባ ቁጥር ‹ኧረ ኩባያችሁን ደብቁ፣ ብሬይ መጣ!› ይሉታል አሉ።»

ሳቅኩ። ከዚያ ሌላ ነገር አነሳን። ለምን እንደሳቅኩ አላውቅም፤ ወይኑ ይሆናል።

እሑድ፣ የካቲት 12

ዛሬም እምቢ አሉ። ራሴ ገብቼ አንዱን ገመድ ሳብኩ። ወደ ላይ ሲመለስ ይዞኝ ሊሄድ ነበር። መዳፌ ተላጠ፣ ደወሉም ሁለቴ ብቻ አንቋረረ። እህቴ ዶርቃስ መዳፌን በጨርቅ እየጠመጠመች «ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር» አለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቴን የምትጠብቅልኝ እሷ ናት፤ አፏን የሚጠብቅላት ግን የለም።

ሐሙስ፣ የካቲት 16

የአውራጃው ጋዜጣ መጽሐፌን አመሰገነ። «በሰነድ ላይ ጥንቁቅ» ይላል። ጥንቁቅ! ለዶርቃስ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት።

«መግቢያው ላይ ሚስተር ስታንዊክን ሦስት ጊዜ አመስግነኸዋል» አለችኝ። «እግዚአብሔርን አንድ ጊዜ።»

«እግዚአብሔር ለማተሚያ ቤት አልከፈለም» አልኳት። ቀልዴን ነው። አልሳቀችም።

ረቡዕ፣ የካቲት 22፣ የጾሙ መግቢያ

ብሬይ ዛሬ ቤቴ መጣ። የእሑድ ኮቱን ለብሷል። ተቀመጥ ብለው እምቢ አለ።

«አባታችን፣ ሦስተኛዋ ደወል ላይ ‹ሮጀር ስታንዊክ ሹም ሳለ ተሠራሁ፣ 1643› የሚል ተቀርጿል። ከልጅነቴ ጀምሮ እየወለወልኳት የኖርኩ ሰው ነኝ። እርስዎ ደግሞ በ1643 ሹሙ ብሬይ ነበር አሉ። የዋሸው ማነው? ደወሏ ወይስ እርስዎ?»

በትዕግሥት አስረዳሁት። «ስማ አሞስ፤ ሹም የሚመረጠው በፋሲካ ነው። የካቲት ደግሞ ከፋሲካ በፊት ነው። ስለዚህ በየካቲት 1643 ሹሙ ገና በ1642 ፋሲካ የተመረጠው ቶማስ ብሬይ ነበር። ስታንዊክ የተተካው ከዚያ በኋላ ነው፤ ደወሏም የተሠራችው ያኔ ነው። ገባህ?»

እንደ ድንጋይ ቆሞ በጣቶቹ ቆጠረ። ጣቶቹ እንጨት ናቸው።

«ያ ዓመት የገባው መቼ ነበር?» አለ።

«ጥር አንድ ነዋ! ሌላ መቼ ይገባል?»

«እንጃ። አያቴ ከአያቱ የሰማውን ሲነግረን፣ ጥንት ዘመን የሚለወጠው በብሥራት ዕለት ነበር ይል ነበር፤ መጋቢት ሃያ አምስት። ገበሬው እስከ ዛሬ ኪራዩን የሚያድሰውና ቤት የሚለቀው በዚያን ቀን አይደል? እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እኔ ምን አውቄ።»

ራስ ምታት ስለያዘኝ አሰናበትኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 23

ድፍረቱ! የታሪክ ትምህርት ከጋሪ እግር ሠሪ! ነገ የደብሩን የመዝገብ ሳጥን ከፍቼ ዋናውን መዝገብ አወጣና ፊቱ ላይ አኖርለታለሁ። ያፍራታል።

ዓርብ፣ የካቲት 24

መዝገቡን አየሁት።

ታኅሣሥ 1643። ገጹን ገለጥኩ። ጥር 1643። ቀጥሎ የካቲት 1643፤ «ጽዋው በሹሙ እጅ ለወታደሮቹ ተሰጠ።» ቀጥሎ መጋቢት። መጋቢት 25 ላይ ነው 1644 የሚለው።

ሹሙ ስሙ አልተጻፈም። ግን ጥርና የካቲት የመጡት ከታኅሣሥ ኋላ ነው። ፋሲካ ካለፈ ቆይቷል። ሹሙ በዚያ ፋሲካ የተመረጠው ነው።

ሮጀር ስታንዊክ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 25

ይህን አሮጌ አቆጣጠር የማያውቅ የታሪክ ሰው የለም። የሰነድ ፊደል ቆጥሮ ሦስት ወር የሆነው ተማሪ ያውቀዋል። እኔ ራሴ የጎረቤቱን ደብር ቄስ በዚሁ ስህተት በስብሰባ መካከል አሳፍሬው ነበር፤ ሰው ሁሉ እስኪስቅ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 1

በጣም ተናድጃለሁ። እነዚያ የጥንት ሰዎች ምን ነካቸው? ዓመት በመጋቢት መካከል ይጀመራል? ደግሞ ያ ጸሐፊያቸው! የሹሙን ስም ቢጽፍ እጁ ይቆረጥ ነበር? ማተሚያ ቤቱስ? አንድ ሰው አይጠይቅም? ብሬይም ቢሆን ይህን ነገር ቀስ ብሎ፣ በግል፣ በትሕትና...

በግል ነው የመጣው። የእሑድ ኮቱን ለብሶ።

ስህተት ነው። ስህተት የማያደርግ ማነው? በሁለተኛው ቅጽ መጨረሻ፣ በእርማቱ ዝርዝር ውስጥ፣ በደቃቅ ፊደል አስገባዋለሁ። ቢበዛ በሦስት ዓመት ይወጣል።

ሰኞ፣ መጋቢት 6

የድሮ ማስታወሻ ወረቀቶቼን ሳገላብጥ አንዲት ቁራጭ አገኘሁ። በ1860 የተጻፈች ናት። «የካቲት 1643 በአሮጌው አቆጣጠር፤ ማለት የእኛ 1644። ጽዋውን የሰጠው ስታንዊክ ነው!» ከሥሩ ሁለት መስመር ተሰምሮበታል። የእጅ ጽሕፈቱ የኔ ነው።

መጻፌን አላስታውስም። እውነቴን ነው፣ ፈጽሞ አላስታውስም። ወረቀቱን ለዶርቃስ አሳየኋት።

«እኔ አስታውሳለሁ» አለች ከሹራብ ሥራዋ ቀና ሳትል። «ልጠይቅህ መጥቼ ነበር። እራት ላይ ነገርከን፤ ባሌ ሳቀና ‹ስታንዊክ ይህን ቢሰማ እራቱ ያንቀዋል› አለ። የመቅደሱ ጣራ የተጠገነው በዓመቱ ነው፣ አይደል?»

«ጣራው ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?»

«እኔ ምን አልኩ? ጣራው መቼ ተጠገነ ነው ያልኩት።»

ሴት ልጅ ነገር ስታያይዝ! ዐሥራ አንድ ዓመት ብዙ ነው። ሰው ይረሳል። በሺህ የሚቆጠር ወረቀት አለኝ። አንዷ ብትጠፋ ምን ይገርማል? አልጠፋችም እንጂ፤ «ብሬይ» በሚለው ፖስታ ውስጥ ነበረች፣ በሥርዓት ታጥፋ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 11

ወደ ስታንዊክ ሄድኩ። ቆሜ ነገርኩት። ይደነግጣል ብዬ ነበር።

«ታዲያ እሱ እኮ በእኛ ቤት የታወቀ ነው» አለኝ፤ ቡችላውን እያሻሸ። «አያቴ በገና እራት እየሳቁ ያወሩት ነበር። ሮጀር ጽዋውን ሰጥቶ ከወታደሮቹ ጋር ሲጠጣ አደረ ይሉናል።»

«ያውቁ ነበር? ታዲያ ረቂቁን ሲያነቡ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበልህ? የጻፍከው አንተ ነህ። እኔ ጻፍ አልኩህ? ለኔ የቀረበልኝን ስጦታ እምቢ ማለት ነውር መስሎኝ።» ከዚያ ሳቁን አቆመ። «ጊልበርት፣ የብሬይን ስም ማን ያስታውሰዋል? የጋሪ እግር ይሠራል፣ ቢራ ይጠጣል፣ ይሞታል። የኔ ስም ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ነው። ብታርመው ሁለተኛውን ቅጽ ራስህ ታሳትመዋለህ። ለፋሲካም የመሬቴን አስተዳዳሪ ፕራውትን ለሹመት አቀርበዋለሁ። ነገሩ በዚሁ ይለቅ።»

አይ ሰውዬ! ስጦታ አለኝ! የቅድመ አያቱን ነውር አውልቄ ሌላ ሰው ትከሻ ላይ የደረብኩት ለእሱ መስሎታል! እንዲህ ዓይነት ስድብ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

ላስብበት ብዬው መጣሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 16

አላሰብኩበትም። ጉንፋን ይዞኛል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 25፣ ብሥራት

መንገዱ ቤት በሚለቁ ገበሬዎች ጋሪ ተጨናንቋል። አልጋ፣ ዶሮ፣ ሕፃን፣ ሰዓት፣ ሁሉም ተከምሯል። ድልድዩ ላይ የአንዱ ጋሪ እግር ተሰብሮ ብሬይ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ ይጠግናል። አንድ ጋሪ ነጂ ከኋላ «ፈጠን በል እንጂ ብሬይ! ወይስ ወታደሮቹ እስኪመጡ ነው?» ብሎ ጮኸ። ሰው አውካካ።

ሽማግሌው ቀና አላለም። እኔን ሲያይ ግን መዶሻውን አቆመና «እንኳን አደረሰዎት አባታችን። ዛሬ ዘመን ተለወጠ፣ አይደል?» አለኝ።

ሁሉም ይሰማል። አፌን ከፈትኩ። «ጭቃው ከበደ» አልኩና አለፍኩ።

ጭቃው ከበደ! ኦክስፎርድ አራት ዓመት ተምሬ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። ጊልበርት፣ አንተ ፈሪ፣ አንተ ወራዳ ሽማግሌ፣ እዚያ ጭቃ ውስጥ መንበርከክ የነበረብህ አንተ ነህ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 2፣ ሆሳዕና

ሰበክኩ። ስለ ሐሰት ምስክር አርባ ደቂቃ ሰበክኩ። «በባልንጀራው ስም ላይ ነቀፋ የሚጭን» ስል ጮክ አልኩ። የገባው ሰው ይገባዋል ብዬ ነበር። ከጸሎት በኋላ ባለወፍጮው ጋዜጣው ስለሚያወራው ጦርነት የሰበክኩ መስሎት እጄን ጨብጦ «ለፈረንሳዮቹ ልክ ልካቸውን ነገሯቸው!» አለኝ።

ዶርቃስ በመንገድ ላይ «ስለ ማን ነበር?» አለችኝ።

«ታውቂዋለሽ።»

«እኔማ አውቃለሁ። ብሬይ ግን ሁለት ወር ሙሉ ሲሰደብ ስሙ እየተጠራ ነው። አንተ ስታጸዳው ስሙ አፍህ ላይ ተሰናከለ?»

እሑድ፣ ሚያዝያ 9፣ ትንሣኤ

ያለ ደወል። ክርስቶስ ተነሣ፤ ዌንሎው ግን አልሰማችም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 10

የሰበካው ጉባኤ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጎን ክፍል። ይህን በትክክል፣ በየተራው መጻፍ አለብኝ።

ሃያ ሦስት ሰው ተገኝቷል። ሰብሳቢው እኔ ነኝ። ስታንዊክ ከፊት፣ እግሩን አነባብሮ። ፕራውት ከጎኑ፣ አዲስ ከረባት አድርጎ። ብሬይ ከበሩ አጠገብ፣ ከደዋዮቹ ጋር። ዶርቃስ ምድጃው ዘንድ ሹራቧን ይዛ። ስታንዊክ ፕራውትን ለሹመት አቀረበ። «ሌላ የሚቀርብ አለ?» አልኩ።  ከደዋዮቹ አንዱ «ብሬይ» አለ፤ ከኋላ አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ።

ያ ሳቅ ነው ያስነሳኝ። እንጂ ዛሬ ጠዋት እንኳ የመናገር ሐሳብ አልነበረኝም።

«ከድምፁ በፊት» አልኩ፣ «ገጽ 112 ሐሰት ነው። ጽዋውን ለወታደሮቹ የሰጠው ቶማስ ብሬይ አይደለም። ሮጀር ስታንዊክ ነው። በዚያ ዘመን ዓመቱ የሚለወጠው በመጋቢት 25 ነበር፤ ያቺ የካቲት የመጣችው ስታንዊክ ከተሾመ ከወራት በኋላ ነው። መዝገቡ ይኸው፣ የሚያነብ ይምጣ።»

ማንም አልመጣም። ስታንዊክ ተነሥቶ ባርኔጣውን አጠለቀ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ እፊቴ። «ጣራህን ደህና አድርገህ ጠብቀው» ብሎኝ ወጣ። ፕራውት ግማሽ ተነሥቶ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሥቶ ተከተለው።

ባለወፍጮው «ያው፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል! የተማረም ይሳሳታል» አለ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ፤ የይቅርታ ማጉረምረም። ሁሉም በዚያው ሊያልፍ ነበር። እኔም እፎይ ልል ነበር።

ብሬይ ግን ከበሩ ወደ መካከል መጣ። «አንድ ነገር ልጠይቅ። መቼ ነው ያወቁት?»

«ባለፈው የካቲት» የሚለው መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ውሸትም አይደለም፤ መዝገቡን ከፍቼ ያየሁት በየካቲት ነው። የዶርቃስ መርፌዎች ቆሙ። አላየኋትም፤ መቆማቸውን ግን ሰማሁ።

«ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት» አልኩ። «አውቄ ነው ያለፍኩት፣ አቶ ብሬይ። እርስዎ ድሃ ነዎት፤ እሱ ባለጠጋ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

አቶ ብሬይ አንድ እርምጃ ቀረቡኝ። 

«ስህተት መስሎኝ ነበር» አሉ። «ለስህተቱ የሚሆን ይቅርታ ከቤቴ ይዤ ነበር የመጣሁት። ለዚህኛው አልያዝኩም።»

ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ። «እናንተም ብትሆኑ። ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅሙብኝ ከረማችሁ። መረጣችሁኝ አልመረጣችሁኝ፣ ቢራ ቤት የሳቃችሁትን እኔ አውቃለሁ።»

እጅ ወጣ። ሃያ አንድ ሰው ነበርን፤ ከአቶ ብሬይ በቀር ሁሉም አነሱ። አፍረው ይሁን አምነው አላውቅም። ሹመቱን ተቀበሉ። አንድም ሰው ፊት ፈገግ አላሉም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 13

የስታንዊክ ደብዳቤ፤ ሁለት መስመር። ሁለተኛው ቅጽ በእሱ በኩል የለም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 16

ስድስቱም ደወሎች ተደወሉ። ላመሰግን ወደ ደወሉ ቤት ብገባ አቶ ብሬይ ገመዱን ሳይለቁ «ለእርስዎ አይደለም» አሉኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 19

በየመጽሐፉ ገጽ 112 ላይ የሚለጠፍ የእርማት ወረቀት በራሴ ወጪ ላሳትም ነው። ቃሉን ከዋናው መዝገብ ልገለብጥ ወደ ሳጥኑ ብሄድ ሁለት አዲስ ጓጉንቸሮች ተንጠልጥለውበታል። ጥንታዊው ሕግ የመዝገቡ ሳጥን ሦስት ጓጉንቸር ይኑረው፣ የአንዱ ቁልፍ ለቄሱ፣ የሁለቱ ለሹሞቹ ይላል። ይህን ሕግ ለመንደሩ ያስተማርኩት እኔው ነኝ፣ በገጽ 40። አንድም ሰው ያነበበው አይመስለኝም ነበር።

በገዛ ደብሬ! የራሴን መዝገብ ለማየት ሰው ልላክ! ደሜ ፈላ። አቶ ብሬይ ዘንድ ላክሁ። የሌላኛውንም ሹም ቁልፍ ይዘው መጡ፤ እጃቸው ላይ የእንጨት ብናኝ አለ። ከፈቱ። መዝገቡን አውጥቼ መገልበጥ ስጀምር ግን አልሄዱም።

«ጮክ ብለው ያንብቡ» አሉኝ። «የጥንቱን ፊደል አላውቀውም፤ ጆሮ ግን አለኝ።»

አነበብኩ። ታኅሣሥን፣ ጥርን፣ የካቲትን። የሻማውን፣ የገመዱን፣ የቀብሩን፣ የጽዋውን። እንጨት የመሰለው ጣታቸው ከመስመሩ ሥር እየተከተለ፣ እኔ ስናገር እየሄደ፣ ስቆም እየቆመ። ሐሰት ብል በምን ያውቃሉ? በምንም። ግን አንድም ቃል አልጨመርኩም፣ አንድም አልዘለልኩም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያን መዝገብ እንዲህ አንብቤው አላውቅም።

መጋቢት 25፣ 1644 የሚለው ላይ ስደርስ ጣታቸው ቆመ።

«እዚህ ላይ ቶሎ አለፉ» አሉኝ። «ይድገሙልኝ።»

ደገምኩላቸው።